ሠላሳ ስምንት ቁጥር

አል ኾር፣ ሐምሌ ነው። የበሩ እጀታ እጅ ይልጣል፤
ከኮንቴይነሩ ውስጥ ግን ኤሲው ጥርስ ያፋጫል።
የአርባ ሰው የልብ ምት በአንድ ፋይል ተቋጥሮ፣
ከአርባ የእጅ አንጓ በአምባር ተቆጥሮ፣
ትናንት ማታ ደረሰኝ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ፣
ስም የለው፣ አገር የለው፣ ፊቱም የማይታይ።

ማትላብን ስከፍተው ነጭ መስኮት ሆነልኝ፣
መርፌ ያልነካው አቡጀዴ «ጥለፊኝ» የሚለኝ።
«ፕሎት» ብዬ ጻፍኩና ኢንተሩን መታሁት፤
አንድ መስመር ወጣ። «ሆልድ ኦን» አልኩት፤
ያዝ፣ አትልቀቅ ማለት ነው፤ ሌላው ሲመጣበት
የፊተኛው እንዳይባረር ከገባበት ቤት።
ይህ ትእዛዝ ባይኖር ከአርባው ሰው መካከል
የሚተርፈው አንድ ነው፣ መጨረሻ የሚሳል።

አርባው መስመር ቀን ቀን አብሮ ሽቅብ ይወጣል፣
አርማታው ሲፈስ፣ ክሬኑ ሲጎትት፤ ማታ አብሮ ይተኛል።
አንዱ ብቻ፣
ሠላሳ ስምንት ቁጥር፣
በሰው እንቅልፍ መካከል ቀጥ ብሎ እንደ ጦር።

ጫፉን ጠቅ ሳደርገው ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፣
ሁለት ቁጥር ነግራኝ ሌላውን ዋጠች፦
ሦስት ሰዓት ከሰባት። መቶ ሠላሳ አንድ ምት።
እርምጃ፣ ዜሮ። ይሮጣል ሰውየው ቁጭ ባለበት።

ኢንጂነር ባሲም በትከሻዬ አጎንብሶ አየና
«አምባሩ ተበላሽቷል፤ ሰርዢው» አለና
ስልኩን እያወራ ወጣ። ብሩሹን አነሳሁ፣
ነጥቦቹን ቀይ ቀባሁ፤ ጣቴ ዲሊት ላይ ደርሶ፣ አልመታሁ።

በምሳ ሰዓት ፈለግሁት። ሙሄ ይባላል፣
የቢስቲማ ልጅ፤ ከብረት ክምር ጥላ ዳቦ ይቆርሳል።
«ረቡዕ በሦስት ሰዓት ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።
«ሦስት ሰዓት? ፎርማኑን ጠይቂ፤ ብረት ሳስር ነው የዋልኩት።»
«የሌሊቱን ነው እንጂ!» «የማታውማ፣
ከነካሊድ ጋር ልብስ ሳጥብ፣ በጨለማ።»
ሁለታችንም ዝም። ኋላ ገባኝ፤ ኮምፒውተሩ
በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ሙሄ ግን በአገሩ።
በጣቴ ስድስት ደመርኩ። «ዘጠኝ ከሰባት!»
ዳቦው አፉ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመበት።

«ማን ነገረሽ?»
አምባሩን አሳየሁት።
«ዘሀራ ጤና ጣቢያ ነበረች። እህቴ ስልኩን
ከበሩ ሥር አስደግፋ ተወችው።
የክፍሌ ልጆች እንዳይነሱ ትራስ ነክሻለሁ።
መጀመሪያ ጩኸት። ከዚያ ምንም።
ከዚያ ሰው ነጠላ ጫማ ሲጎትት። ከዚያ እንደገና ምንም።»
ያ ሁለተኛው ምንም ነው እንግዲህ መቶ ሠላሳ አንዱ።
«ከዚያ» አለ፣ ዳቦውን እያየ፣
«ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር አለቀሰ።»

ለባሲም «አምባሩ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩለት፣
«ምክንያት» የሚለውን ሳጥን ባዶ ተውኩለት።

ሙሄ ግን ማየት ፈለገ። በጫማው አቧራ አፍሮ
ከበሩ ላይ ቆመ፣ አንገቱን ብቻ አሻግሮ።
«የትኛው ነኝ?»
«ቢጫው።»
«ማን መረጠልኝ?»
«ማንም። ሰባት ቀለም አለው፤ ሲያልቅበት ይደግማል።»
«ቢጫ በነጭ ላይ አይታይም እኮ። ወፈር አድርጊው።»
አወፈርኩት።
«ስሜን ተይው፤ የልጅቷን ጻፊበት።» ትንሽ አሰበ።
«ለካ ገና አልወጣላትም።»
ስለዚህ ከጥጉ ላይ፣ ማትላብ ራሱ እንዳለው፣
«ዳታ ሠላሳ ስምንት» ብሎ ቀረ።

አተምኩለት። ወረቀቱን ለአራት አጠፈው፤
እጥፋቱ በጫፉ መሐል ለመሐል አለፈ፣
ሽቅብ የሚወጣው ወዲህ፣
ቁልቁል የሚወርደው ወዲያ።
ደረት ኪሱ ከተተውና
ሄልሜቱን አጥልቆ
ወደ ሙቀቱ ወጣ።